ለሸራ ጀልባ የምትሆን ታንኳ፦ ድሬ ላይ ከመምረጥ ጅቡቲ ላይ እስከ ማሰር

ከድሬዳዋ ወይም ከሐረር ወደ ጅቡቲ እየወረዳችሁ በሸራ ጀልባ የምትሠሩ ወይም የምትዝናኑ ሰዎች ደጋግማችሁ የምትቸገሩበት አንድ ነገር አለ። ከጀልባው ወደ ባሕር ዳርቻ የምታመላልሳችሁ፣ በአየር የምትነፋው ትንሿ ታንኳ ናት። አንዱ ገዝቶ ይወርድና ጀልባው ላይ የምትተኛበት ቦታ ያጣል። ሌላው ጎሚስታ ቤት ያስነፋትና ስፌቷ ይከፈታል። ሦስተኛው እንደነገሩ አስሯት ይተኛና ጠዋት ሲነሳ ነፋስ ወስዷታል።

ሦስቱም ችግሮች የሚመጡት ከቅደም ተከተል ነው። ታንኳዋን የሚመርጥላችሁ የምትታሰርበት ቦታ ነው። ስለዚህ ከሱቅ አትጀምሩ። ከታች ያለውን በተራ ሥሩ፤ አንዱን ሳትጨርሱ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

ከመጀመራችሁ በፊት የምታዘጋጁት

5 ሜትር የሚደርስ የአናጢ ሜትር፣ ጠመኔ፣ የፍሪጅ ወይም የቴሌቪዥን ትልቅ ካርቶን፣ መጻፊያ ደብተር። ለሙከራው የእግር ፖምፓ፣ ዝቅተኛ ግፊት የሚያነብ መለኪያ፣ ኦሞ እና ስፖንጅ። ለማሰሪያ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ ገመድ። ሲባጎ አይሆንም።

መለኪያውን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ። የመኪና ጎማ መለኪያ እዚህ አይሠራም። የመኪና ጎማ ከ2 ባር በላይ ይይዛል። የታንኳ ቱቦ የሚይዘው ግን ብዙውን ጊዜ 0.25 ባር አካባቢ ነው። የጎማ መለኪያ ይህን ልዩነት በደንብ አያሳያችሁም። ከታንኳዋ ጋር መለኪያ ካልመጣ ለብቻው ፈልጋችሁ ግዙ።

1. መጀመሪያ ቦታውን ለኩ

ጅቡቲ ስትወርዱ፣ ገና ታንኳ ሳትገዙ፣ ጀልባው ላይ ውጡና እነዚህን ለኩ።

ከምሰሶው ሥር እስከ መልህቅ መጎተቻው ያለውን ርዝመት። እዚያ መሐል ያለውን ስፋት፣ ግራና ቀኝ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ትታችሁ። ከወለሉ እስከ ሸራው አግዳሚ እንጨት ያለውን ከፍታ። ታንኳዋን ጠቅልላችሁ መጋዘን ውስጥ ልታስገቡ ካሰባችሁ የመጋዘኑን አፍ። ብዙ ሰው የውስጡን ስፋት ይለካና አፉን ይረሳል። ጥቅሉ በአፉ ካልገባ የውስጡ ስፋት ምንም አይጠቅምም።

ከዚያ መሸፈን የሌለባቸውን ነገሮች ምልክት አድርጉባቸው። ወደ ላይ የሚከፈቱ መስኮቶች፣ በተለይ ለአደጋ መውጫ የሚሆነው የፊተኛው። የሕይወት አድን ታንኳው ሳጥን። መልህቁና ሰንሰለቱ። ሸራ የሚጎተትባቸው ገመዶች መንገድ። ታንኳዋ ከእነዚህ አንዱን እንኳ ከዘጋች ቦታው አይሆንም፤ ምንም ያህል ቢመችም።

አሁን ካርቶኑን ልትገዙት ባሰባችሁት ታንኳ ልክ ቁረጡና ወለሉ ላይ አንጥፉት። በዙሪያው ተራመዱ። ምሰሶው ጋ ደርሳችሁ ተመለሱ። በቀን፣ ባሕሩ ረግቶ ሳለ ከተደናቀፋችሁ፣ በማታ በማዕበል ምን እንደሚገጥማችሁ አስቡት።

ይህ እርምጃ ሲበላሽ፦ ጀልባው ጅቡቲ ነው፣ እናንተ ድሬ ናችሁ፣ መውረድ አልቻላችሁም እንበል። እዚያ ያለ ሰው ሜትሩን ወለሉ ላይ ዘርግቶ ቪዲዮ እንዲልክላችሁ አድርጉ። በአፍ የተነገራችሁን ቁጥር አትመኑ። ቁጥሩን ስታገኙ ግቢያችሁ ውስጥ በጠመኔ ቅርጹን ሣሉት። ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት ላላቸው ጀልባዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚስማማው ከ2.3 እስከ 3 ሜትር የሆነ ታንኳ ነው። የእናንተ ሥዕል 2.4 ሜትር ካለ ደግሞ 2.7 ሜትር የሆነውን በቅናሽ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ።

2. ምን እንደምትሸከም ጻፉ

በአንድ ጉዞ ስንት ሰው ይሳፈራል? ስንት ጀሪካን ውኃ? ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። አራት ሰው በአማካይ 75 ኪሎ ቢመዝን 300 ኪሎ። ሁለት ጀሪካን 40። ሞተርና ነዳጅ 25። ድምሩ 365 ኪሎ ደረሰ ማለት ነው።

ይህን ቁጥር ይዛችሁ የታንኳዋ የሞተር ሰሌዳ (ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ሰሌዳ) ላይ ወይም ቱቦዋ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። የሰው ብዛት፣ ከፍተኛ ክብደት፣ ከፍተኛ የሞተር ጉልበት እና የአየር ግፊት ይጻፍበታል። ድምራችሁ ከተጻፈው ክብደት ሦስት አራተኛውን ካለፈ ወይ ትልቅ ታንኳ ፈልጉ ወይ በሁለት ዙር ተመላለሱ። የተጻፈው ልክ ለረጋ ውኃ ነው። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳበት የረጋ ውኃ አይደለም።

ጽሑፉ የሌለባትን አትግዙ። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

3. ጨርቁን ለዩ

ድሬ ላይ ታይዋን ወይም አሸዋ ገበያ ስትዞሩ በካርቶን የታሸጉ፣ ፎቶ ያለባቸው ርካሽ የፕላስቲክ ጀልባዎች ልታገኙ ትችላላችሁ። እነዚህ ለመዋኛ ገንዳ የተሠሩ ናቸው። ቀጭን ፕላስቲክ ነው፤ ውስጡ የጨርቅ መረብ የለውም፤ ኮራል ድንጋይ አንዴ ከነካው አለቀ። ልጆች ይጫወቱባቸው፤ እናንተ ግን ባሕር ላይ ሕይወታችሁን አትስጧቸው።

ትክክለኛዎቹ ታንኳዎች በሁለት ዓይነት ጨርቅ ይሠራሉ። አንዱ ፒቪሲ ነው። ርካሽና ቀለል ያለ ነው፤ ነገር ግን ፀሐይና ሙቀት ቀስ በቀስ ያደርቁታል፣ ስፌቱ በማጣበቂያ ብቻ የተያያዘ ከሆነም ሙቀት ያላላዋል። ሌላው ሃይፓሎን ይባላል። ጎማ ነክ ነው፤ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ፀሐይን በጣም ይቋቋማል።

ለእኛ አካባቢ ሃይፓሎን ይሻላል። ጅቡቲ በሐምሌ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ታንኳዋ ዓመቱን ሙሉ ተነፍታ ጀልባው ላይ የምትኖር ከሆነ ፒቪሲ ቶሎ ያልቃል። አቅሙ ከሌለ ግን ፒቪሲ ገዝታችሁ በሸራ ሸፍኗት። ሁልጊዜ ከተሸፈነች፣ ስትጨርሱም ከታጠፈች፣ ፒቪሲም ጥሩ ዕድሜ ይኖረዋል። ስፌቱ በሙቀት የተበየደ ፒቪሲ ካገኛችሁ በማጣበቂያ ከተያያዘው እሱን አስቀድሙ።

ሻጩ የጨርቁን ስም ካላወቀ የቫልቩን ክዳን ከፍታችሁ የጨርቁን ውስጠኛ ገጽ ተመልከቱ። ፒቪሲ ብዙውን ጊዜ ውስጡም ውጭውም ያብረቀርቃል፣ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል። ሃይፓሎን ደብዘዝ ያለ ነው፤ ውስጡም ብዙ ጊዜ ሌላ ቀለም አለው። ይህን ሳታውቁ አትግዙ፤ ምክንያቱም የመጠገኛ ማጣበቂያቸው ይለያያል።

አሮጌ ከሆነች ስፌቶቹን በጥፍራችሁ ሳብ አድርጋችሁ ሞክሩ። ጣታችሁ ላይ የሚያጣብቅ ነገር ከቀረ ማጣበቂያው እየቀለጠ ነው። ትታችሁ ሂዱ።

ስለ ቀለም ብዙ አልልም። ነጭ ወይም ፈዛዛ ግራጫ ምረጡ። ጥቁር ይግላል።

4. ወለሏን ምረጡ

እዚህ ላይ ምርጫው የሚወሰነው በመጀመሪያው እርምጃ በለካችሁት ነው።

መጋዘን ውስጥ የምትገባ ከሆነ የአየር ወለል ያላትን ወይም በቀጫጭን ጣውላ የተሠራች፣ አብራ የምትጠቀለል ወለል ያላትን ውሰዱ። ጣውላዋ ርካሽ ናት፤ ግን ስትቆሙባት ትወዛወዛለች። የአየር ወለል ይጠነክራል፤ ግፊቱ ግን ከቱቦው በጣም ይበልጣል፣ 0.7 ባር አካባቢ። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ልክ አትንፉ።

የአሉሚኒየም ወለል ጠንካራ ነው። ሰሌዳዎቹ ግን ለብቻቸው ቦታ ይፈልጋሉ፤ መገጣጠሙም ጊዜ ይወስዳል። ከሥር የማይነፋ ጠንካራ አካል ያላቸው ታንኳዎች ውኃ ላይ ከሁሉም ይሻላሉ። አይጠቀለሉም እንጂ። ወለሉ ላይ ወይም ከኋላ የሚሰቀሉበት ቋሚ ቦታ ካላችሁ ብቻ አስቧቸው።

ምንም ዓይነት ብትመርጡ ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት የተለያዩ የአየር ክፍሎች ይኑሯት። አንዱ ቢበሳ ሌላው ያንሳፍፋችኋል።

5. ሞተርና መቅዘፊያ

ሰሌዳው ላይ ከተጻፈው የፈረስ ጉልበት አትለፉ። 2.5 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር 17 ኪሎ አካባቢ ነው፤ አንድ ሰው ከታንኳ ወደ ጀልባ ሊያነሳው ይችላል። ወደ 10 የፈረስ ጉልበት ስትጠጉ ክብደቱ 40 ኪሎ ይደርሳል፤ እሱን ለማንሳት መስቀያ ያስፈልጋል። ከመግዛታችሁ በፊት ጅቡቲ ያሉ ዓሣ አጥማጆች የትኛውን ምርት እንደሚጠቀሙ ጠይቁ፤ መለዋወጫ የሚገኘው ለእሱ ነው።

ሞተር ኖረም አልኖረም መቅዘፊያ ከታንኳዋ አይለይ።

6. ድሬ ላይ ነፍታችሁ ፈትሹ

ይህን እርምጃ የዘለለ ሰው ችግሩን የሚያየው ባሕር ላይ ነው። ግቢ ውስጥ፣ ጥላ ሥር፣ ምንጣፍ ወይም ሸራ አንጥፋችሁ ሥሩ። ጠዋት ይሻላል።

ጎሚስታ ቤት አትውሰዷት። የጎሚስታው መጭመቂያ ለአይሱዙ ጎማ የተሠራ ነው። በሰከንዶች ውስጥ ከልክ ያልፋል። «ቀስ አድርጌ እነፋላችኋለሁ» ቢላችሁም አመስግናችሁ በእግር ፖምፓ ንፉ። እግር ይደክማል እንጂ ስፌት አይበጠስም።

የአነፋፉ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው።

ሀ. ታንኳዋን ዘርጉና ወለሉን በቦታው አስገቡ። የአሉሚኒየም ወለል ከሆነ መጀመሪያ የፊተኛውንና የኋለኛውን ሰሌዳ አስገቡ። መሐል ያሉት ሁለቱ ሲገናኙ ጣሪያ ሠርተው ይቆማሉ። በእግራችሁ ተጭናችሁ አጋድሟቸው። ጣታችሁን መሐል አታድርጉ።

ለ. እያንዳንዱን የቱቦ ክፍል በተራ ግማሽ ግማሽ ንፉ። አንዱን ሞልታችሁ ሌላውን ባዶ አትተዉ። ክፍሎቹን የሚለየው ግድግዳ በአንድ በኩል ብቻ ሲገፋ ሊቀደድ ይችላል።

ሐ. የአየር ወለል ካላት አሁን ወደ ልኩ አድርሱት።

መ. ቱቦዎቹን በተራ ወደ ተጻፈው ልክ አድርሱ።

ሠ. ከሥር የሚነፋ የሆድ ቱቦ ካላት በመጨረሻ ንፉት። የታንኳዋ መመሪያ ሌላ ቅደም ተከተል ካዘዘ መመሪያውን ተከተሉ።

ከዚያ ኦሞ በውኃ በጥብጣችሁ ስፌቱንና ቫልቮቹን በስፖንጅ ቀቡ። አረፋ የሚያወጣውን ቦታ በጠመኔ ክበቡት። ግፊቱንና ሰዓቱን ጻፉና ለ24 ሰዓት ተዋት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገጣል። ከሰዓት በ34 ዲግሪ ሙቀት 0.25 ባር ነፍታችኋል። ንጋት ላይ 22 ዲግሪ ሲሆን መለኪያው 0.20 ባር አካባቢ ያሳያል። ታንኳዋ አልተበሳችም። አየር ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ግፊቱም ይወርዳል። ስለዚህ የምታወዳድሩት ትናንት ከሰዓት የለካችሁትን ከዛሬ ከሰዓቱ ጋር ነው። በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ጥላ። ያኔም ከወረደ ያፈስሳል።

ተቃራኒው ይበልጥ አደገኛ ነው። ጠዋት በ25 ዲግሪ 0.25 ባር የተነፋች ታንኳ ፀሐይ ላይ ተትታ ውስጧ ያለው አየር 60 ዲግሪ ቢደርስ፣ ግፊቷ ወደ 0.38 ባር ይጠጋል። ስፌት የሚከፈተው እንዲህ ነው። ፀሐይ ላይ መቆየቷ ግድ ከሆነ ከእያንዳንዱ ክፍል ትንሽ ትንሽ አስተንፍሱ።

ሲበላሽ፦ አረፋው ቫልቭ ላይ ከሆነ ነቅላችሁ አሸዋውን እጠቡት፤ ብዙ ጊዜ በዚህ ይድናል። ስፌት ላይ ከሆነና አዲስ ከሆነች ለሻጩ መልሷት። በራሳችሁ ማጣበቂያ አትንኩት፤ ከነካችሁት «እናንተ ናችሁ ያበላሻችሁት» ይባላል።

7. አስተንፍሳችሁ ጫኗት

ነፍታችሁ ፖርቶ መጋላ ላይ አስራችሁ አትሂዱ። ነፋሱ ብቻ አይደለም ምክንያቱ። ከፍታው ራሱ ችግር ነው።

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር አካባቢ ናት። እዚህ ያለው የአየር ጫና 0.88 ባር ገደማ ነው፤ ጅቡቲ ግን 1.01። ድሬ ላይ 0.25 ባር የነፋችኋት ታንኳ ባሕር ዳር ስትደርስ 0.12 ባር ብቻ ታሳያለች። ልፍስፍስ ትላለች። ሰው ተበሳች ብሎ ይጠግናታል። ስትመለሱ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ጅቡቲ ላይ 0.25 ባር ተነፍታ ሳትተነፍስ ድሬ የደረሰች ታንኳ 0.38 ባር ትሆናለች፤ ከሙቀት ጋር ሲደመር ከዚያም በላይ። ከድሬ በደንገጎ በኩል ወደ ሐረር ወይም ሐረማያ የምትወጡም ይህን አትርሱ። ዳገቱን ስትወጡ ግፊቱ ከእናንተ ጋር ይወጣል።

አጠቀላለሉ፦ ቫልቮቹን ሁሉ ክፈቱ። ቱቦዎቹን ወደ መሐል እጠፉ። ከፊት ወደ ኋላ፣ ወደ ሞተሩ ሰሌዳ፣ በጉልበታችሁ እየተጫናችሁ ጠቅልሉ። አየሩ አልወጣ ካለ ፖምፓውን በመሳቢያ በኩል ገጥማችሁ ሳቡት። ሁልጊዜ በአንድ መስመር አትጠፏት፤ እጥፋቱ እዚያው ይሰነጠቃል። የሰሌዳውን ጠርዞች በአሮጌ ብርድ ልብስ ሸፍኑ። ከዚያ በቦርሳዋ፣ ቦርሳ ከሌላት በሁለት ማዳበሪያ ጆንያ።

በባቡር ከሆነ ከከተማ ወጣ ብሎ ካለው አዲሱ ጣቢያ ተሳፍራችሁ ናጋድ ትወርዳላችሁ። የሻንጣ ልክና ክብደት ቀድማችሁ ጠይቁ። ቤንዚን፣ ማጣበቂያና የጋዝ ሲሊንደር ይዛችሁ አትሂዱ። ሞተሩ ከዚህ የሚሄድ ከሆነ ነዳጁን ጨርሶ አፍስሱና ጠርጉት። በመኪና በደወሌ በኩል ከሆነ ጥቅሏን ከላይ ሳይሆን ከሥር አድርጉ፤ ሹል ነገር ግን አይንካት።

ከመነሳታችሁ በፊት ድሬ ጉምሩክ ሄዳችሁ እንዴት እንደምትመዘገብ ጠይቁ። ደረሰኙንና የሞተሩን ተከታታይ ቁጥር በወረቀት ያዙ። ስትመለሱ አዲስ ዕቃ እንዳትመስልባችሁ ነው።

8. ጀልባው ላይ እሰሯት

አራት ቦታ አለ። እኔ የማምንበትን በቅድሚያ ልንገራችሁ። ባሕረ ሰላጤውን ተሻግራችሁ ታጁራ የምትሄዱ ከሆነ ወይ ጠቅልላችሁ አስገቧት ወይ ገልብጣችሁ ወለሉ ላይ እሰሯት። ሌሎቹ ሁለቱ ለአጭር መንገድና ለረጋ ቀን ናቸው።

ጠቅልሎ ማስገባት

ከሁሉም አስተማማኙ ነው። ከመጋዘኑ ከባድ ዕቃ በታች አታድርጓት። ድንገት ስትፈለግ ፖምፓው፣ መቅዘፊያውና ወለሉ አብረዋት ይኑሩ። ፖምፓው ሌላ መጋዘን ውስጥ፣ ከሸራ ሥር ተቀብሮ ሲፈለግ ግማሽ ሰዓት ያልፋል።

ወለሉ ላይ ገልብጦ ማሰር

ሀ. ሞተሩን አውርዱና ጀልባው ላይ በራሱ ማቆሚያ እሰሩት። መቅዘፊያውን፣ ነዳጁን፣ ውስጧ ያለውን ሁሉ አውጡ።

ለ. የሸራ መስቀያ ገመድ አንዱን በአፍንጫዋ ቀለበት አስገብታችሁ በዊንች ቀስ ብላችሁ አንሷት። አንድ ሰው ዊንቹ ጋ፣ አንድ ሰው ታንኳዋን ይዞ። ነፋስ ሲነሳ ትወዛወዛለች፤ ከሥሯ ማንም አይቁም።

ሐ. ምሰሶው ፊት፣ በካርቶኑ በለካችሁት ቦታ ላይ ሆዷን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስተኟት። አፍንጫዋ ወደ ፊት ይሁን። ማዕበል ሲመጣ እንዲንሸራተትላት ነው።

መ. ቱቦው ወለሉን በሚነካበት ሁሉ ወፍራም ጨርቅ ወይም የተቆረጠ ከመነዳሪ አስገቡ። የብረት ጠርዝ እንዳይበላት።

ሠ. አራት ቦታ ላይ እሰሩ። ሁለቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ፣ በግራና በቀኝ። ከጀልባው ወለል ጋር በብሎን የታሰሩ ጠንካራ ቀለበቶችን ብቻ ተጠቀሙ። የዳር መደገፊያ ሽቦው ላይ አትሰሩ። ታንኳዋ ማዕበል ስትመታ ሽቦውን ከነብረቱ ትነቅለዋለች።

ረ. ከላይ ሁለት ገመድ በመስቀል አሳልፉ። ገመዱን አይሱዙ ላይ ሸራ የሚያስር ረዳት እንደሚያደርገው በራሱ ቀለበት አዙራችሁ ጎትታችሁ አጥብቁ። ያ ቋጠሮ ይጠብቃል፤ ሲፈለግ ደግሞ በአንድ ስበት ይፈታል። ቋጠሮውን የማያውቅ ሰው ካለ ጭነት ሲታሰር አንድ ከሰዓት ይመልከት።

ሰ. ይዛችሁ ነቅንቁ። ታንኳዋ ብቻዋን ከተንቀሳቀሰች ገና ናት። ጀልባው አብሮ ሲነቀነቅ በቃ።

ላስቲክ ገመድ ለዚህ አይሆንም። ይለጠጣል፤ ማዕበል አንዴ ከሥሯ ከገባ ታንኳዋ ትበራለች። በብረት ጥርስ የሚጠብቅ ቀበቶም ቱቦውን ያንቀዋል፣ ጨውም ያዝገዋል።

ሲበላሽ፦ በመንገድ ላይ ገመዱ ላላ ካለ ፍጥነት ቀንሱ፤ ጀልባውን ነፋስ ወደማይመታበት አዙሩ። ወደ ፊት የሚሄደው ሰው የደኅንነት ማሰሪያውን ይልበስና ይሂድ። ታንኳዋ ከተነሳችና መያዝ ካልተቻለ ገመዱን ቁረጡ። ስለዚህ ስለታም ቢላዋ እጅ በሚደርስበት ቦታ ሁልጊዜ ይኑር። ታንኳ ይገዛል።

ከኋላ ማንጠልጠል

ሁለት የብረት ክንድ ያላቸው ጀልባዎች ላይ ይመቻል። ለማታ ማሳደሪያ በጣም ጥሩ ነው፤ ሌባም አይደርስባት። ሁለት ነገር አትርሱ። ውኃ ማፍሰሻዋን ቡሽ ንቀሉ። ውስጧ 180 ሊትር ውኃ ቢጠራቀም 180 ኪሎ ክንዱ ላይ ተጨመረ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ በሁለት ገመድ ብቻ አትተዋት፤ እንዳትወዛወዝ ወደ ጎንም እሰሯት። ከባድ ማዕበል በሚጠበቅበት ቀን አውርዷት።

መጎተት

ለአጭር መንገድ፣ ለምሳሌ ሙሻ ደሴት ዙሪያ ከአንድ መቆሚያ ወደ ሌላው። ሞተሩ አይኑርባት። ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ገመድ ተጠቀሙ፤ የሚሰምጠው ከሥር ከሚሽከረከረው የጀልባው ፕሮፔለር ጋር ይጠላለፋል። ማዕበል ካለ ገመዱን አርዝሙ ወይም አሳጥሩ፤ ጀልባውና ታንኳዋ አብረው ማዕበል ላይ እንዲወጡና አብረው እንዲወርዱ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ከወረደ ገመዱ በድንገት ይወጠርና ቀለበቱን ይነቅላል። መልህቅ ስትጥሉና ወደ ኋላ ስትሄዱ ገመዱን አሳጥራችሁ አንድ ሰው በእጁ ይያዘው።

ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከምሲን የሚባለው ሞቃት አቧራማ ነፋስ ጅቡቲ ላይ ይነሳል። በእነዚያ ወራት ባዶ ታንኳ እየጎተታችሁ አትውጡ። ባዶ ታንኳ ነፋስ ከሥሯ ከገባ ትገለበጣለች።

9. ስትመለሱ

በንጹሕ ውኃ ጨውዋን እጠቡ። በተለይ ቱቦውና ወለሉ የሚገናኙበትን ስንጥቅ፤ አሸዋ እዚያ ተቀምጦ ጨርቁን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል። ጥላ ላይ አድርቁ። እርጥብ አትጠቅልሉ።

ድሬ ላይ ስታስቀምጡ ከቆርቆሮ ጣሪያ ጋ በቀጥታ አታስጠጓት። ከሰዓት በኋላ እዚያ ያለው ሙቀት ማጣበቂያውን ያላላል። ከመሬት ከፍ ያለ፣ ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ይሻላል። ከጄኔሬተርና ከነዳጅ ጀሪካን ራቅ አድርጓት። አይጥ ካለ ምግብ የነካ ጨርቅ አብራችሁ አትጠቅልሉ።

10. ብትበሳ

ማስቲሽ አትጠቀሙ። ለጫማና ለከመነዳሪ ይሠራል፤ ታንኳ ላይ ግን ለጥቂት ቀን ይዞ ይለቃል፤ ከዚያ ደግሞ ትክክለኛው ማጣበቂያ እንዳይይዝ ያደርጋል። ለፒቪሲ ሁለት ዓይነት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚሠራ የፖሊዩረቴን ማጣበቂያ ያስፈልጋል። ለሃይፓሎን የኒዮፕሪን ማጣበቂያ። ሁለቱን አታምታቱ።

ባሕር ላይ ከሆናችሁ ቀዳዳውን ለጊዜው ዝጉትና ወደ ዳርቻ ተመለሱ። ቋሚውን ጥገና ድሬ ላይ ሥሩት። የጅቡቲ ባሕር ዳር አየር እርጥብ ነው፤ ማጣበቂያ እርጥበት አይወድም። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው የድሬ ደረቅ ጠዋት ለዚህ ሥራ ይመቻል።

ታንኳዋን አስተንፍሱ። ልጥፉን ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ከቀዳዳው በየአቅጣጫው 5 ሴንቲ ሜትር ይለፍ። ማዕዘን ያለው ልጥፍ ከማዕዘኑ ይነሳል። ሁለቱንም ገጽ በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጋችሁ ፈግፍጉ፤ ማጣበቂያው ጋ በመጣው ማጽጃ ጥረጉ፤ ይድረቅ። ማጣበቂያውን በስሱ ሁለቱም ላይ ቀቡ፤ ጠብቁ፤ ደግማችሁ ቀቡ። በጣት ስትነኩት ተጣብቆ ግን ጣት ላይ ካልቀረ ጊዜው ደርሷል። ከመሐል ወደ ዳር በማንኪያ ጀርባ እየተጫናችሁ ለጥፉ፤ አየር መሐል አይቅር። መስኮት በተከፈተበት ክፍል ሥሩ፤ ጭሱ ራስ ያዞራል፤ እሳትም ሲጋራም አይቅረብ።

ጠፍጣፋ ሰሌዳ አስቀምጡበትና ከላይ ሁለት ጡብ ጫኑ። ቢያንስ 24 ሰዓት አትንፏት፤ ማጣበቂያው ላይ የተጻፈው ከዚያ ከበለጠ የተጻፈውን ጠብቁ። ከዚያ በግማሽ ግፊት ነፍታችሁ እንደገና በኦሞ ፈትሿት። ሙሉ ግፊት የምትሰጧት አረፋ ካላወጣች ብቻ ነው።